ሱንዮን፣ ግሪክ፣ ገደሉ ሥር መልህቅ ጥላ የቆመች የሸራ ጀልባ ላይ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት

እንቅልፍ እንቢ ብሏል። ያው የእኔ ነገር፣ ነፋስ ሲጮህ ሆዴም አብሮ ይጮሃል።

ሜልቴሚ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ኤጂያን ባሕር ላይ ከሰሜን የሚመጣው። ክፋቱ ደመና አያስከትልም፤ ከዋክብቱ ተዘርግፈው እያየናቸው 30 ኖት (በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ) ይደርሳል። ተራራ ጀርባ ተጠለልኩ ማለትም አያዋጣም፣ ከገደሉ ቁልቁል እየተወረወረ ይመጣል። ነገ ወደ ኬያ ደሴት ለመሻገር ሸራውን እዚሁ ቀንሶ መውጣት ነው፤ ባሕር መሐል መቀነስ ትግል ነው።

ለዛሬ ግን ሁሉም ነገር መልህቁ ላይ ነው። ጥልቀቱ 5 ሜትር፣ ከውኃው እስከ ጀልባዋ አፍንጫ 1፤ ድምር 6። በደህና ቀን 5 እጥፉ፣ 30 ሜትር ሰንሰለት ይበቃል። እንዲህ ላለው ሌሊት 7 እጥፍ፣ 42። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሮ ማቆም፣ መልህቁን መሬት እስኪነካ ማውረድ፣ ነፋሱ ወደ ኋላ ሲገፋት ሰንሰለቱን ቀስ እያሉ መልቀቅ፣ በመጨረሻ የኋላ ማርሽ አስገብቶ መሳብ። ባንዴ ከተዘረገፈ መልህቁ ላይ ተከምሮ ይተበተባል። ነጣ ብሎ የሚታየው ወለል አሸዋ ነው፣ እሱ ይይዛል። ጠቆር ያለው ሣር ነው፤ መልህቁ የሥሩን ጥልፍልፍ አያልፍም፣ የያዘ መስሎ ጭብጥ ሣር ነቅሎ ይሄዳል። እጅን ሰንሰለቱ ላይ ማሳረፍ ነው፦ ጸጥ ካለ ይዟል፣ ከተንቀጠቀጠ እየተጎተተ ነው።

የሣሩ ስም ፖሲዶኒያ ነው፣ በባሕሩ አምላክ በፖሲዶን። የእሱ ቤተ መቅደስ ደግሞ ይኸው፣ 60 ሜትር ገደል ላይ፣ ከ2,400 ዓመት በኋላም መብራት በርቶለት ያፈጥብኛል።

ይሄ ሰውዬ! በጥንቱ የግሪክ ተረት አማልክቱ ከጦርነት መልስ ባሕር ላይ የተንከራተተው ጀግና ኦዲሴዎስ አገሩ ይግባ ብለው የተስማሙት ፖሲዶን በሌለበት ነው። የት ሄዶ? ኢትዮጵያውያን ዘንድ፣ የበሬና የበግ ግብዣ ላይ። (ግሪኮች እርግጥ በዓለም ጫፍ ያለውን «ፊቱ የከሰለ» ሕዝብ ሁሉ ነው እንዲያ የሚሉት። ግብዣውን ሳየው ግን እኛው ነን።) ሲመለስ ኦዲሴዎስን በርብራብ እንጨት ላይ አገኘው፤ 18ኛ ቀኑ ነው፣ መሬት ታይቶታል። ማዕበል አስነሥቶ ሰባበረበት።

ታዲያ ማን ነው ተነሥ ያለው? «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» የሚል አንድ ሰው ይጥፋ? ሁለት ቀን ቢያቆዩት እኮ ያ ምስኪን ሳይረጥብ ይገባ ነበር። ደግሞ በሬ በልቶ የተነሣ ሰው እንዴት እንደዚያ ይቆጣል? ወይስ ግብዣው ላይ የሆነ ነገር ተባብለዋል?

ቆይ፣ ሰንሰለቱን 30 ነው 42 የለቀቅነው?