ልጄ በአያቱ ግቢ ያደገባቸው ወራት

ልጄን የወለድኩት ስቶክሆልም ነው፤ ከአምስተኛው ወሩ መጨረሻ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ያደገው ግን እኔው ራሴ ባደግሁበት ግቢ፣ ሐዋሳ ውስጥ ነው። በእነዚያ ወራት ካየሁት ሁሉ ልቤ ውስጥ አብልጦ የቀረው፣ ሕፃን አዲስ ነገር በቻለ ቁጥር አይቶ የሚደነቅለት ሰው አጠገቡ መኖሩ ለእሱም ለእናቱም ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው። ይህን የምጽፈው በተለይ በሰው አገር አራስ ሆነው ብቻቸውን ለሚውሉ እናቶች ነው።

ስዊድን ለወላጅ የምታደርገው ብዙ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ለአንድ ልጅ 480 ቀን የሚከፈልበት የወላጅነት ፈቃድ አለ፤ ከዚህ ውስጥ 90 ቀን ለእናት፣ 90 ቀን ደግሞ ለአባት ብቻ የተከለለ ስለሆነ አንዱ ለሌላው ሊያስተላልፈው አይችልም። በሕፃናት ጤና መከታተያው ነርሷ ክብደቱን፣ ቁመቱንና የጭንቅላቱን ዙሪያ ለክታ በእድገት ሰንጠረዡ ላይ ታሰፍርለት ነበር፤ ጥያቄ ካለኝም ሳትሰለች ትመልስልኛለች። ባለቤቴ ግን ማለዳ ወጥቶ ማታ ነው የሚመለሰው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መጨለም ይጀምራል። ልጁ በሁለተኛው ወር ፊቴን አይቶ ሲስቅ፣ በአራተኛው ወር ከሆዱ ወደ ጀርባው ሲገለበጥ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። በስልኬ ቀርጬ ለባለቤቴ እልክለታለሁ፤ እሱም በምሳ ሰዓቱ አይቶ ደስታውን ይገልጽልኛል። ደስታችን እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን አብሮኝ እልል የሚል ሰው በቤቱ አልነበረም፤ እኔም ቀን ቀን ከልጄ በቀር ድምፄን የሚሰማ ሰው ሳላገኝ እውል ነበር።

ጥር ላይ ሐዋሳ ስንደርስ እናቴ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ልብሱን መቀነስ ነው። በማግስቱ ጠዋት ግቢው መሐል ሰሌን አንጥፋ፣ ገላውን ዘይት ቀብታ፣ ከእግሩ ጣት እስከ ትከሻው እያሸች ለስላሳውን የማለዳ ፀሐይ አሞቀችው። ስቶክሆልም ውስጥ በየቀኑ አምስት ጠብታ የቪታሚን ዲ እሰጠው ነበር፤ በዚያ አገር ለሕፃናት ሁሉ እስከ ሁለት ዓመታቸው ይህ ይታዘዛል፤ ምክንያቱም ሰውነታችን ቪታሚኑን የሚሠራው ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኝ ነውና። እናቴ የቪታሚኑን ስም ሳትጠራ ሥራውን ታውቀዋለች፤ «አጥንቱ እንዲጠና ነው» ትላለች። ሆኖም ፀሐይ በሞላበት አገራችንም ቢሆን ምችና የሰው ዓይን ተፈርቶ ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ የሚውል ልጅ አጥንቱ ሊለሰልስና እግሩ ሊጎብጥ እንደሚችል ማስታወስ ያስፈልጋል። እኔም ጠብታውን አላቋረጥኩም፤ እናቴም ፀሐይዋን አልተወችም።

ስድስተኛው ወር የምግብ ወር ሆነ። እስከዚያ የጠባው የእኔን ጡት ብቻ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ጡት ብቻውን አይበቃም፤ ሲወለድ ይዞት የመጣው የብረት ክምችትም በዚያው ዕድሜ እየሳሳ ይሄዳል። የሲዳማ አቮካዶ ለሕፃን የተፈጠረ ይመስለኛል፤ በማንኪያ ጀርባ ደፍጠጥ ሲደረግ ሌላ ዝግጅት አይፈልግም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲቀምስ ፊቱን አጨማደደ፤ ምላሱን አውጥቶ መለሰው፤ ትንሽ አሰበና አፉን እንደገና ከፈተ። በዙሪያው የነበሩት እናቴ፣ ታናሽ እህቴና ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ድምፅ ሲስቁለት ዓይኑን በሁሉም ላይ አዟዟረና አብሯቸው ሳቀ። ቀስ በቀስ የምስር ክክና የእንቁላል አስኳል የገቡበት ቀጠን ያለ ገንፎ ለመደ። ከእናቴ ጋር ያልተስማማነው በማር ላይ ብቻ ነው፤ ማር በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ጀርም ሊይዝ ስለሚችል ዓመት ሳይሞላው እንደማይሰጥ ነገርኳት። ቅር ቢላትም እንግዳ ማር ባመጣ ቁጥር እሷው ቀድማ «ለልጁ አይሆንም» ስትል ሰማኋት።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ወር ከጭን ወደ ጭን ሲተላለፍ አለፉ። ጠዋት እህቴ በአንቀልባ አዝላው ሱቅ ትሄዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን መጥታ በሲዳምኛ ታጫውተዋለች፤ እሱም ከንፈሯን ትክ ብሎ እያየ «ባባባ»፣ «ዳዳዳ» እያለ ይመልስላታል። በዚህ ዕድሜ ሕፃን አብዝቶ የሚሰማውን ቋንቋ ድምፆች እየመረጠ መያዝ ይጀምራል፤ በዓመቱ መጨረሻ ገደማ የማይሰማቸውን ድምፆች የመለየት ችሎታው ይቀንሳል። ስለዚህ ስዊድን ውስጥ ከእኔና ከአባቱ አፍ ብቻ ይሰማው የነበረውን አማርኛ እዚህ ከአሮጊት፣ ከልጅ፣ ከተቆጣ ሰውና ከሚጸልይ ሰው መስማቱ ትልቅ ሀብት ሆኖ ታየኝ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስትገልጥ ቀድሞ ይደነግጥ ነበር፤ በስምንተኛው ወር ግን ነጠላውን ራሱ መጎተት ጀመረ። ያልታየ ነገር አለመጥፋቱን ያወቀው ያኔ ነው። ከዚያው እውቀት ጋር ሌላ ነገር መጣ፤ እኔ ወደ ጓዳ በገባሁ ቁጥር ማልቀስ ጀመረ፤ መኖሬን እያወቀ አያየኝምና።

መዳህ ሲጀምር የቤቱ ሥርዓት ሁሉ ተለወጠ። ለሐዋሳ ቤት ትልቁ ስጋት ቡና ነው፤ ከሰሉ፣ የጋለው ጀበናና ረከቦቱ ሁሉ በሕፃን ቁመት ልክ መሬት ላይ ናቸው፤ ልጅ ደግሞ የሚያብረቀርቅና የሚጨስ ነገር ይስበዋል። በአገራችን ሕፃናት በቃጠሎ የሚጎዱት አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ከሰሉ ከተያያዘበት ጊዜ ጀምሮ እስኪጠፋ ድረስ አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይኖረው ልጁን ብቻ እንዲይዝ ወሰንን። ብቻዬን ብሆን ይህን እንዴት እችለው እንደነበር አላውቅም። ማታ ደግሞ ወባ ስላለ አጎበሩ ፍራሹ ሥር በደንብ ሳይወሸቅ አይተኛም።

በዘጠነኛው ወር መግቢያ እናቴ ሰፌድ ላይ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ያገኘውን ሁሉ በሙሉ መዳፉ ሲያፍስ የኖረው ልጅ በዚያ ቀን አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አቀራርቦ አንዲት ምስር ብቻዋን አነሣ። ዓይኑ ፊት አድርጎ ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። ወደ አፉ ሊወስዳት ሲል እናቴ እጁን በቀስታ ይዛ ተቀበለችውና፣ በአጥር በኩል ጎረቤቷን ተጣርታ «ነይ እዪ፣ ለቃሚ አገኘሁ!» አለቻት። ጎረቤቷም እጇ ሊጥ እንደነካው መጥታ አየች፤ ሌላ ምስር ሰጡትና ደግሞ አነሣ። የስቶክሆልሟ ነርስ ብታየው ይህን በቅጿ ላይ እንደ አንድ የእድገት ምልክት ትመዘግበው ነበር፤ ምልክትነቱም ትክክል ነው። እኔ ግን ያን ቀን ልጄ ዓይኑን ከምስሯ ወደ ሴቶቹ ፊት እያዟዟረ «አያችሁ?» የሚል ዓይን ሲያሳይ ተመለከትኩ። በዚያው ሰሞን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስደነው ሳለ፣ ዓሣ የሚጠብቁትን አባ ኮዳ የሚባሉ ረጃጅም ወፎች በጣቱ አመልክቶ ዞሮ አያቱን አያት።

ዘጠኝ ወር እንደሞላው በጤና ጣቢያ የኩፍኝ ክትባት ወሰደ። በስዊድን ይህ ክትባት በመደበኛው መርሐ ግብር የሚሰጠው በ18 ወር ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ኩፍኝ አሁንም ስላለ፣ ከእናቱ የወረሰው መከላከያም በዚያ ዕድሜ ስለሚሳሳ በ9 ወር ይጀመራል።

ባለቤቴ ሊወስደን የመጣው በግንቦት ነው። በየማታው በስልክ መስታወት ላይ የሚያየውን አባቱን በአካል ሲያየው ልጁ ጮኾ አለቀሰ፤ አንገቴ ሥር ተሸሸገ። የባለቤቴ ፊት ሲለወጥ እናቴ አየችና «ልጄ፣ አትቸኩል። እሱን አትየው፤ ከእኔ ጋር ተጫወት፤ ራሱ ይመጣል» አለችው። እሱም እሺ ብሎ ስለ መንገዱና ስለ ሥራው እያወራላት ተቀመጠ። ልጁ ከአንገቴ ሥር አንድ ዓይኑን አወጣ፤ ድምፁን ያውቀዋልና። በረካ ሳይደርስ እየዳኸ ሄዶ የአባቱን ጫማ ማሰሪያ ያዘ። ማታውን እቅፉ ውስጥ ተኛለት።

አሁን ወደ ስቶክሆልም ተመልሰናል። እኔ ሥራ ስጀምር የአባቱ 90 ቀን ይከተላል፤ አሁን ወንበር ይዞ የሚቆመው ልጅ ሳይይዝ ሲራመድ የሚያየው እሱ መሆኑ አይቀርም። እናቴ ያን ቀን ከእጇ እንዳይወጣ ስላሰበች፣ ከመንገዳችን በፊት ባለቤቴን አስቀምጣ አዘዘችው፦ «ወፌ ቆመች ስትለው ደውልልኝ። ተቀድቶ የመጣ አልፈልግም፤ ሲወድቅም አብሬ ልየው።»