«ፋየርዎሉን አልነካሁትም»

ሰርቨሩ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ በሶፍትዌር የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን፣ ተበላሽቶ ዲስኩ ተርፏል፤ የማሽኑ የራሱ የቅንብር ፋይል፣ ቪኤምኤክስ የሚባለው፣ ግን አልተረፈም። ስለዚህ የማታው ተረኛ በኢኤስኤክስአይ (ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያሠራው የቪኤምዌር ሶፍትዌር) ላይ አዲስ ማሽን ፈጥሮ የድሮውን ዲስክ ሰካበት። ሁለት ቪኤምኤክስኔት3 የኔትወርክ ካርድ ጨመረ፤ አንደኛውን ከውጭው ኔትወርክ፣ ሁለተኛውን ከውስጡ ጋር አገናኘ፤ ልክ እንደ ድሮው። የተለየው አንድ ነገር ነው፦ የድሮው ማሽን የዲስክ መቆጣጠሪያ ኤልኤስአይ ሎጂክ ፓራለል ነበር፣ አዲሱ ፓራቨርቹዋል ስካዚ ሆነ። ፈጣኑና የሚመከረው ይኸው ስለሆነ በምርጫው ማንም አይወቀስም።

ሊኑክስ ግን ለኔትወርክ ካርድ ስም የሚያወጣው በተሰካበት ቦታ ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው ሲስተምዲ 197 (ሊኑክስን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ጀምሮ የነበረውን «ኤት0፣ ኤት1» በቦታ ስም ተክቶታል፤ ቪኤምዌር ላይ «ኤንስ160» ማለት ፒሲአይ ስሎት (የካርድ መሰኪያ) ቁጥር 160 ላይ ያለ ካርድ ማለት ነው። ቁጥሩ የሚቀመጠው በቪኤምኤክስ ፋይሉ ውስጥ ስለሆነ ፋይሉ እስካለ ድረስ አይለወጥም። ኤልኤስአይ ፓራለል ስሎት 16ን ይይዛልና የመጀመሪያው ካርድ 160፣ ሁለተኛው 192 ያገኛል። ፓራቨርቹዋል ስካዚ ሲሆን ግን 160ን ራሱ ይወስደዋል። ካርዶቹ አንድ አንድ ደረጃ ይገፋሉ፦ አንደኛው 192፣ ሁለተኛው 224።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። «ኤንስ160» ጠፋ፣ «ኤንስ224» አዲስ መጣ፤ ይህ ዓይን ላይ ይወድቃል። «ኤንስ192» ግን ትናንትም ነበረ፣ ዛሬም አለ። ትናንት የውስጡ ካርድ ነበር፤ ዛሬ የውጭው ነው።

ተረኛው የስሙን መለወጥ በኮንሶል ገብቶ ቶሎ አገኘው። «አይፒ ሊንክ» ብሎ ሁለቱን ስሞች አየ፤ የማክ አድራሻቸውን (የየካርዱን መለያ ቁጥር) ከማሽኑ ሴቲንግ ጋር አስተያየ፤ የኔትወርክ ቅንብሩ በተጻፈበት የኔትፕላን ፋይል ውስጥ 160ን ወደ 192፣ 192ን ወደ 224 ለወጠ። በ«ኔትፕላን ትራይ» ሞከረው፤ ይህ ትእዛዝ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቁት ወደ ነበረበት ስለሚመልስ ጥሩ ልማድ ነው። ፒንግ ከውጭም ከውስጥም መለሰ። ብዙዎች ካርዶቹን አምታተው ስዊቹን ሲከሱ ያድራሉ፤ እሱ በሩብ ሰዓት ጨረሰው። ሥራው እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ነበር።

ጠዋት ሂሳብ ክፍል ደወለ። ሰርቨሩ ፒንግ ያደርጋል፣ ዳታቤዙ አይከፈትም። የፋየርዎሉ፣ የሚገባውን ፓኬት የሚያጣራው ሶፍትዌር፣ ሕግ አጭር ነበር፦ ፒንግና ፖርት 443 (የድረ ገጽ) ከየትም ይግባ፣ በተጀመረ ግንኙነት የሚመጣው ይለፍ፣ በኤንስ192 የገባው ሁሉ ይለፍ፣ የቀረው ይጣል። የውስጡ ካርድ አሁን 224 ስለሆነ የሂሳብ ክፍል ፓኬት «የቀረው» ውስጥ ወደቀ። ተረኛው ከመውጣቱ በፊት አንድ መስመር ጨመረ፦ በኤንስ224 የገባው ሁሉ ይለፍ። ዳታቤዙ ተከፈተ፤ ጉዳዩ ተዘጋ።

የኤንስ192 መስመር ግን እንዳለ ነው። የውጭውን ዓለም ሁሉ «ይለፍ» ይላል።

ይህ ከመጀመሪያው ለምን አልጮኸም? የፋየርዎሉን ሕግ የሚያስፈጽመው አይፒቴብልስ በሕጉ ላይ የተጻፈው ካርድ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ስሙን እንደ ፊደል ብቻ ይዞ ያስቀምጠዋል፤ ፓኬት ሲመጣ ያነጻጽራል። ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ ሕጎቹ ያለ አንድ ስህተት ተጭነዋል።

በዘጠነኛው ቀን የክፍሉ ኃላፊ ለሌላ ጉዳይ የመግቢያ ሎጉን ስትከፍት ከማታውቃቸው አድራሻዎች በኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከርቀት ማዘዣ) ለመግባት የተደረገ ሙከራ ገጽ ሞልቶ አገኘች። ያ ፖርት፣ 22፣ ከውጭ ተከፍቶ አያውቅም። ተረኛውን ጠራችው።

«22 ከውጭ ለምን ተከፈተ?»

«አልተከፈተም። ፋየርዎሉ እየሠራ ነው።»

«መጨረሻ የነካኸው መቼ ነው?»

«ለሂሳብ ክፍል አንድ መስመር ጨምሬያለሁ። ከዚያ ውጭ ፋየርዎሉን አልነካሁትም።»

ሕጎቹን ከፓኬት ቆጣሪያቸው ጋር አወጣቻቸው። የኤንስ192 ቆጣሪ እያዩት ይሮጣል። ጣቷን አሳረፈችበት።

«ኤንስ192 የትኛው ነው?»

«የውስጡ...» አለ፣ አልጨረሰውም።

«አልነካሁትም» ያለው እውነቱን ነው፤ ለዚህም ነው ነገሩ የሚከነክነው። በዚህ ሥራ አለመንካት የጥንቃቄ ምልክት ሆኖ ይቆጠራል፤ የሠራውን ነገር አትነካካ እየተባለ ነው የሚያድጉት። እዚህ ግን ጉድለቱ አለመነካቱ ነበር። ሕጉ የቆመበት ስም ከሥሩ ሲዞር ሕጉ አብሮ መዞር ነበረበት። ኃላፊዋ አልጮኸችበትም፤ ትክክል ነበረች። አንድ መስመር ሲጨምር የላይኛውን እንዲያነብ ያስተማረው ሰው አልነበረም።

ጉዳት አልደረሰም። ኤስኤስኤች በቁልፍ እንጂ በይለፍ ቃል አያስገባም ነበር፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስም በራሱ የመዳረሻ ፋይል ከ10.10.4.0/24 ውጭ ያለውን ሁሉ እየመለሰ ነበር። ሁለተኛው በር ባይኖር ኖሮ ዘጠኝ ቀን ረጅም ነው።

መስመሩን መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። «በተጀመረ ግንኙነት የሚመጣው ይለፍ» የሚለው ሕግ ከላይ ስላለ ቀድሞ የገባ ግንኙነት እስኪቋረጥ ይቀጥላል። ከውጭ የመጡትን ግንኙነቶች በኮንትራክ ትእዛዝ የተጀመሩ ግንኙነቶች ከሚመዘገቡበት ሰንጠረዥ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ ተደረገ።

ከዚያ የስሙ ጉዳይ መጣ። አንዱ ባልደረባ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ላይ «ኔት.ኢፍኔምስ=0» ጨምረን ወደ ኤት0 እና ኤት1 እንመለስ አለ። ሁለት ካርድ ላለው ማሽን ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ዋስትና ግን የለውም። ቪኤምዌር ላይ፣ የመጀመሪያው ካርድ 160 በሆነበት ማሽን፣ አምስተኛ ካርድ ሲጨመር ስሎት 1184 ያገኛል፤ በፒሲአይ አቆጣጠር ቦታው ከመጀመሪያው ካርድ ቀጥሎ ነው፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ማስነሻ ኤት1 ሊሆንና ሌሎቹን ሊገፋ ይችላል። ያው በሽታ ነው።

የተመረጠው ስሙን ከቦታው ነቅሎ ከተግባሩ ጋር ማሰር ነው። በሲስተምዲ የኔትወርክ ማውጫ ውስጥ ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ የሊንክ ፋይል ይጻፋል፦ ማች ሥር የማክ አድራሻው፣ ሊንክ ሥር ስሙ። የውስጡ «ላን0»፣ የውጭው «ዋን0» ተባሉ። ስሙ ከ15 ፊደል አይለፍ፤ «ኤት» ብሎም አይጀምር፣ ከርነሉ ራሱ ከሚሰጠው ስም ጋር ይጋጫል። ፋይሉ ከተጻፈ በኋላ «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ» (የማስነሻ ፋይሎቹን የሚያድሰው ትእዛዝ) ካልተደረገ ማሽኑ ሲነሳ በድሮው ስም ሊነሳ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። ከዚያ ኔትፕላኑም ፋየርዎሉም በእነዚሁ ሁለት ስሞች ብቻ ይጻፋሉ።

አዲስ ማሽን ሲፈጠር ማኩም ይለወጣል የሚለው ክርክር ተነስቶ ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን ማኩ ሲለወጥ «ላን0» የሚባል ካርድ ጭራሽ አይኖርም፤ ላን0ን የሚያሳልፈው ሕግ የሚያሳልፈው ያጣል፣ ሁሉም ወደ «ይጣል» ይወርዳል። ማሽኑ ከኔትወርክ ውጭ ሆኖ ያድራል፤ የሚደወለው በዚያው ሌሊት እንጂ በዘጠነኛው ቀን አይደለም። እኔ ይህን ብልሽት እመርጣለሁ። ማኩ እንዲጸና የሚፈልግ በ00:50:56 የሚጀምር፣ አራተኛው ጥንድ ከ00 እስከ 3ኤፍ የሆነ አድራሻ በእጅ ሊሰጥ ይችላል፤ ቪኤምዌር ለዚህ የለየው ክልል ነው።

ከአይፒቴብልስ ወደ ተተኪው ኤንኤፍቴብልስ የሚሸጋገሩ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «አይአይኤፍ» የሚለው ቃል ሕጉ ሲጫን ካርዱን ይፈልጋል፤ ካጣው ፋይሉ በሙሉ አይጫንም፣ ማሽኑም ያለ ፋየርዎል ይነሳል። «አይአይኤፍኔም» ስሙን ብቻ ያነጻጽራል። ከላን0 ጋር የሚሄደው ሁለተኛው ነው።

አሁን ከባክአፕ የተመለሰ ማሽን ሁሉ ከመለቀቁ በፊት ሁለት ነገር ይታይበታል። በሴቲንጉ የሁለተኛው ካርድ «ኮኔክትድ» ምልክት ይጠፋና ሊንክ የሚያጣው ላን0 መሆኑ በኮንሶል ይረጋገጣል፤ ከዚያ ከቢሮው ውጭ ካለ መስመር ፖርት 22 እና የፖስትግሬስ ፖርት 5432 ይሞከራሉ። ሁለቱን ሙከራዎች የሚያደርገው ማሽኑን ከመለሰው ሰው የተለየ ሰው ነው።