ካሪክን ስሰድብ የኖርኩባቸው ዓመታት

ዛሬ እሑድ ነው፤ ጉልበቴ አብጧል። ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ተጫውቼ ነው። በ38 ዓመቱ ከ20 ዓመት ልጆች ጋር የሚሮጥ ሰው የሚያገኘው ይኸው ነው። በረዶ በፌስታል ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌ ስልኬን ስነካካ የማንችስተር ዩናይትዱ አማካይ የማይክል ካሪክ የድሮ ቪዲዮ መጣልኝ። ጎል የለውም። አብዶ የለውም። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ኳስ ሲያቀብል ብቻ። ይህን ቁጭ ብሎ የሚያቀናብር ሥራ ፈት ማነው ብዬ ሳቅኩ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ከዚያ ደግሜ አየሁት። የዚህ ሰውዬ የቆየ ዕዳ አለብኝና ዛሬ ልጻፈው።

ማንቼ ነኝ። ካሪክን ግን ከአርሴዎቹም ከሊቨሮቹም በላይ የሰደብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ከቶተንሃም የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ክረምት ነው፤ ዋጋው ከተጨማሪ ክፍያዎቹ ጋር 18.6 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርስ ነበር፤ ለዚያ ጊዜ ብዙ ብር ነው። ይባስ ብለው የቀድሞውን አምበላችንን የሮይ ኪንን 16 ቁጥር ማልያ ሰጡት። ኪን ተጋጣሚውን ገና መውጫ ኮሪደር ላይ በዓይኑ የሚያሸንፍ ሰው ነበር። እኛ ሌላ ኪን ስንጠብቅ ረጋ ያለ፣ የማይጮህ፣ የማይሳደብ፣ ባንክ ቤት መስኮት ጀርባ ተቀምጦ ማህተም የሚመታ የሚመስል ሰው መጣ። ኳስ ሲይዝ ወደ ጎን ይሰጣል። መልሰው ሲሰጡት እንደገና ወደ ጎን። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ «አቶ ጎን ለጎን» ብለን ስም አወጣንለት። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ኮርቼበት ነበር።

የመጣበትን ቦታ ያነበብኩት ቆይቼ ነው። ኒውካስል አጠገብ ያለች ዎልሰንድ የምትባል ከተማ ልጅ ነው። አለን ሺረር፣ ፒተር ቢርድስሊና ስቲቭ ብሩስ ያለፉበት የዎልሰንድ የልጆች ክለብ ነው ያሳደገው፤ ልጅ እያለ ደግሞ አጥቂ ነበር። በ16 ዓመቱ ቤቱን ትቶ ለንደን፣ ዌስትሃም ገባ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣቶችን ኤፍኤ ካፕ ሲያነሱ ኮቨንትሪን በሁለት ጨዋታ ድምር 9 ለ 0 ነበር ያሸነፉት። የዚያ ቡድን ኮከብ ግን ጆ ኮል ነው፤ ካሜራውም ጋዜጣውም ኮልን ነው የተከተለው። ካሪክ ከጎኑ ነበር። ይህ «ከጎኑ ነበር» የሚባል ነገር ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። ዌስትሃም በ2003 ሲወርድ ኮል ወደ ቼልሲ ሄደ፤ ካሪክ አንድ ዓመት ታች ወርዶ ተጫወተና ከዚያ ወደ ቶተንሃም ተሻገረ።

እግረ መንገዴን ስለ ቶተንሃም አንዲት ነገር። የ2006 የመጨረሻው ጨዋታ ላይ አራተኛ ሆነው ለሻምፒዮንስ ሊግ ሊያልፉ፣ በማግስቱ የሚገጥማቸው ደግሞ ዌስትሃም ሆኖ፣ ሌሊቱን ሆቴል ውስጥ ግማሹ ቡድን ሆዱን ታሞ አደረ። ላዛኛው ነው ተብሎ ተወራ፤ በኋላ ሲመረመር ግን ምግቡ ሳይሆን ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ካሪክም ከታመሙት አንዱ ነበር፤ እንደዚያ ሆኖ ገብቶ ተጫውቷል። 2 ለ 1 ተሸነፉና አራተኝነቱን አርሴናል ወሰደው። አንድ አርሴ ጓደኛዬ ላዛኛ ባየ ቁጥር እስካሁን ይስቃል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሮማን 7 ለ 1 ያሸነፍንበትን የ2007 ማታ የማያስታውስ ማንቼ የለም። ካሪክ ሁለት ጎል አግብቷል፤ የመጀመሪያውን አግብቶ ደጁን የከፈተው እሱ ነው። ግን ስለዚያ ማታ ስናወራ ሮናልዶን፣ ሩኒን፣ «ሰባት!» የሚለውን ጩኸት ነው የምናነሳው። በ2008 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሞስኮ ላይ ደግሞ ከቼልሲ ጋር ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ስንደርስ ሁለተኛውን የመታው እሱ ነው፤ አገባ፤ ዝም ብሎ ተመለሰ። ከእሱ ቀጥሎ ሮናልዶ ሳተ። የሳተውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ያገባውን ለማስታወስ እኔ ራሴ ዛሬ ቪዲዮ ማየት ነበረብኝ።

ደጋፊዎቹ በኦልድ ትራፎርድ ያወጡለት ዜማ እንኳ ግርም ይላል። ትርጉሙ ካሪክ ነው፣ ስኮልስ (ያ ታላቁ አማካያችን) አይደለም ብሎ ማመን ግን ይከብዳል ዓይነት ነው። ምርቃት ነው፣ ይገባኛል። ግን እስቲ አስቡት፤ ሲያመሰግኑህ በሌላ ሰው ስም።

ሰፈራችን ውስጥ በወጣትነታቸው ለአንድ ፋብሪካ ቡድን የተጫወቱ ሰውዬ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዲኤስቲቪ ቤት ሁልጊዜ ከኋላ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሻይ ያዛሉ፤ አይጮሁም። አንድ ቀን እኔ አቶ ጎን ለጎንን እያነሳሁ ስጥል ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ኳሱን ተወውና አሥር ደቂቃ ሰውዬውን ብቻ እየው።»

«ምኑን ነው የማየው ጋሼ?»

«እየው ብዬሃለሁ።»

ከይሉኝታ ብዛት አየሁት። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ቀስ እያለ ግን አንገቱ ታየኝ። ኳሱ ወደሱ ሳይመጣ ሁለቴ ሦስቴ በትከሻው ዞር ብሎ ያያል፤ ስለዚህ ሲደርሰው የሚሰጥበትን ቦታ ከወሰነ ቆይቷል። ከዚያ ደግሞ ተጋጣሚ ሊያቀብልበት ያሰበው መስመር ላይ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆማል። በቃ መቆም ነው። ኳሱ በዚያ በኩል አይመጣም፤ ያቀብል የነበረው ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ይህን ማን ይቆጥርለታል? ከሁሉ የገረመኝ ግን ያቺ የሰደብኳት የጎን ኳስ ነች። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ስትል ተጋጣሚውን ትጎትተዋለች፤ እነሱም እየተጎተቱ ይሄዱና መሐላቸው ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ያኔ ካሪክ ሁለት ሰው መሐል ሰንጥቆ ሩኒ እግር ላይ ያስቀምጣታል። ሩኒ ያገባል። እኛ ለሩኒ እንጮሃለን።

ገባኝ ብዬ ለጋሼ ነገርኳቸው። ሻያቸውን ነው የጠጡት። እውነቱን ለመናገር ግን አልገባኝም ነበር፤ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የምነግራችሁን ባላደረግሁ።

ግንቦት 19 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009)፣ ከባርሴሎና ጋር የሮም የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ። በነጋታው ግንቦት 20 ስለሆነ ሥራ የለም፤ ዲኤስቲቪ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ አርሴዎቹ ለአንድ ማታ ሁሉም ባርሳ ሆነዋል። ፍሌቸር በቅጣት የለም፤ መሐል ላይ ካሪክ፣ አንደርሰንና ጊግስ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ደቂቃዎች የኛ ነበሩ፤ ሮናልዶ ደጋግሞ መታ። በአሥረኛው ደቂቃ ካሪክ በቴስታ ያወጣት ኳስ በደንብ አልወጣችለትም። ኢኒዬስታ ይዟት ገሰገሰ፤ ለኤቶ ሰጠው፤ ኤቶ ቪዲችን አጥፎ አገባ። በቃ፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው የነሱ ነው፤ ሁለተኛውን ሜሲ በጭንቅላቱ ጨመረ። ዣቪና ኢኒዬስታ ሲቀባበሉ መሐል ሜዳችን ወለል ብሎ የተከፈተ ግቢ ይመስል ነበር። አሥራ አንዱም ነው የተሸነፈው። እኔ ግን ከአሥረኛው ደቂቃ ጀምሮ አንድ ስም ብቻ ነበር በአፌ፤ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

በዓመቱ ደግሞ ባየር ሙኒክ። ኦልድ ትራፎርድ ላይ 3 ለ 0 እየመራን፣ ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ኦሊች ካሪክን በትከሻው አልፎ አንድ አገባ፤ ከዕረፍት በኋላ ሮበን ጨመረ፤ በሁለቱ ጨዋታ ድምር እኩል ሆነን ከሜዳ ውጭ በገባ ጎል ወደቅን። ያን ጊዜማ አልቆለታል፣ ይሸጥ ብዬ ማልኩ።

የዚያን ጊዜ ሰውዬው ምን ላይ እንደነበረ ያወቅሁት እ.ኤ.አ. በ2018 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም ነው። ከሮም በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ድብርት ውስጥ ነበር። ያቺን አንዲት ኳስ ከራሱ ላይ ማውረድ አልቻለም። ከዓመት በፊት ሞስኮ ላይ ዋንጫ አንስቷል፤ እሱ አላጽናናውም። ለቡድን ጓደኞቹ አልተናገረም፤ ቤተሰቡ ብቻ ነበር የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ላይ ከእንግሊዝ ቡድን ጋር ሄዶ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይጫወት ተመለሰ፤ እዚያ ሆኖ የሚመኘው አንድ ነገር ቤቱ መሆንን ነበር። ሰው ሁሉ የሚያልመው ቦታ ላይ ሆነህ ቤቴን ማለት። ቆይቶማ ለብሔራዊ ቡድን ባልመረጥ ይሻለኛል እስከ ማለት ደርሷል። ለአገሩ የተጫወተው 34 ጊዜ ነው፤ ዓለም ዋንጫ ላይ አንዴ ብቻ፣ በ2006 ከኢኳዶር ጋር። የዘመኑ አማካዮች ጄራርድ 114፣ ላምፓርድ 106። ልዩነቱን ሁሉ በድብርት አላመካኝም፤ እንግሊዞች እንደሱ ዓይነት አማካይ ለመውደድ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል።

ይህን ሳነብ ያፈርኩበት ምክንያት የራሴም ነገር ስለነበረኝ ነው። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ፔሮል የምሠራው እኔ ነበርኩ። ስድስት ዓመት አንድም ሰው መጥቶ «ደመወዜ በትክክል ገብቷል፣ እናመሰግናለን» ያለኝ የለም፤ ይበለኝ ብዬም አልጠበቅሁም። አንድ ወር፣ ያውም የፋሲካ ዋዜማ ሳምንት፣ አንድ ረድፍ ዘልዬ የሠላሳ ሰው ደመወዝ ለሁለት ቀን ዘገየ። ያኔ ሁሉም ሰው ስሜን አወቀው። ማንም አልገሰጸኝም እኮ፤ አለቃዬ ራሱ ስቆ ነው ያለፈው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሉሁን አራት አምስት ጊዜ ሳልቆጥር አልልክም ነበር፤ ሌሊት ተነስቼ በጭንቅላቴ ረድፍ እቆጥራለሁ። ባለቤቴ «ሰውዬ፣ ተኛ እንጂ» ትለኛለች። ስምንት ወር ፈጀብኝ። የኔን ስህተት ያወቀው ሠላሳ ሰው ነው። የሱን ዓለም በሙሉ ቁጭ ብሎ አይቶታል፤ ከነዚያ መሐል አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ፣ አግዳሚ ላይ ቆሜ ስሳደብ።

ተመልሶ መጣ፤ ይህን የምጽፈው ደስ እያለኝ ነው። በ2012/13 ዓመት፣ በአሰልጣኛችን በሰር አሌክስ የመጨረሻ ዋንጫ፣ ስለ ቫን ፐርሲ ጎሎች ስንጮህ የቡድን ጓደኞቹ ግን የዓመቱ ምርጥ ብለው የመረጡት ካሪክን ነው። አብረውት የሚጫወቱት ያዩታል ማለት ነው። የአርሴናሉ አሰልጣኝ ቬንገር እንኳ ባርሴሎና ገብቶ መጫወት የሚችል ሰው ነው ብለው መሰከሩለት። ባርሴሎና! አርሴው ጓደኛዬ ይህን በደስታ አምጥቶ ሲያነብልኝ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ልቡ አስቸገረው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ከበርተን ጋር በነበረው ጨዋታ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። ሲመረመር የልብ ምቱ ተዛብቶ ተገኘ፤ ታከመ፤ ወራት አረፈ። ያን ዓመት አምበል ነበር። ደጋፊው ግን የት ጠፋ ብሎ ብዙም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ከዋትፎርድ ጋር የመጨረሻ ጨዋታውን ተጫወተ፤ 1 ለ 0 አሸነፍን። ረጅም ኳስ ከመሐል አንስቶ ለማታ ጣለለት፤ ማታ ለራሽፎርድ ሰጠው፤ ራሽፎርድ አገባ። ጎሏ በራሽፎርድ ስም ተመዘገበች፤ አሲስቷ በማታ። 12 ዓመት፣ 464 ጨዋታ፣ አምስት የሊግ ዋንጫ፣ እና የመጨረሻዋ ጎል ላይ እንኳ ስሙ የለም። ይህን ሆን ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ቢኖር አበዛኸው እንለው ነበር።

አሰልጣኝነቱን ለሌላ ቀን ልተወው፤ በረዶዬም ቀልጦ ሱሪዬን አበስብሶታል።

ጉልበቴን ያሳበጥኩበት ጨዋታ ላይ የሆነ ነገር ስላለ ነው እንጂ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ከኛ ጋር መሐል ላይ የሚጫወት አንድ ዝምተኛ ልጅ አለ። ሁለት ለሁለት ሆነን፣ ሊያልቅ ሲል፣ ወደ ኋላ ሊያቀብል ብሎ ኳሷን ለባላጋራ ሰጠ። አገቡብን። ሁሉም ወረደበት፤ እኔም አፌን ከፈትኩ፤ አንድ ቃል ወጥታለች። ሲያልቅ ሌላ ጊዜ ከኛ ጋር ሻይ ሳይጠጣ አይሄድም ነበር፤ ዛሬ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ሄደ።

በቴሌግራም ቪዲዮውን ላክሁለት። ከሥሩ ምን እንደምጽፍ ግራ ገብቶኝ «በሚቀጥለው እሑድ ከኔ ጎን ነህ» ብቻ አልኩ። ከላክሁት ሦስት ሰዓት ሆኖታል። እስካሁን አንድ ራይት ነው።