በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዲስክ መካከል

ሬይድ፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ አስተባብሮ የሚያሠራ የማከማቻ ሳጥን፣ የሚሸጡ ሰዎች የሚወዷት አንዲት አባባል አለች፦ «አንድ ዲስክ ቢሞት ምንም አይሆንም።» ውሸት አይደለም። ሳጥኑ መሥራቱን አያቆምም፤ ፋይል ይከፈታል፣ ፋይል ይቀመጣል፤ ሠራተኛውም ዲስክ መሞቱን ሳያውቅ ውሎ ያድራል። ከመጀመሪያው ዲስክ ሞት በኋላ ሁለተኛው እስኪከተል ስላለው ጊዜ ግን ሻጩም አያነሣ፣ ገዢውም አይጠይቅ። የማከማቻ ሳጥን መትከልና መጠገን እንጀራዬ ከሆነ ሰንብቷል፤ ካየሁት ጥፋት አብዛኛው የደረሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።

ወሩ ጥር ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ አንድ ድርጅት «ኮምፒውተሮቻችን ተንቀራፈፉብን» ብሎ ጠራኝ። ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ እነዚህ ሰዎች እንቅልፍ የላቸውም። አንድ ሠርግ በሦስት ካሜራና በአንድ ድሮን ሲቀረጽ በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ይዞ ይመጣል። ሜሞሪዎቹ ለቀጣዩ ሠርግ ስለሚፈለጉ ቀረጻው ወደ ሳጥኑ እንደተገለበጠ ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ሙሽሮቹ ቪዲዮውን እስኪረከቡ ድረስ የዚያ ቀን ብቸኛ ቅጂ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ሳጥኑ የተቀመጠው ሒሳብ ክፍል ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ቁልፍ ያለው ሌላ ክፍል ስላልነበረ። እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ 6 ዲስኮች በሬይድ 5 ተደራጅተውበታል፤ ለሥራ የሚቀረው ቦታ 20 ቴራባይት ነው። የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ፓሪቲ ለሚባለው ስሌት ይውላል። ስሌቱን ለማያውቅ ሰው በመደመር ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አምስት ቁጥሮችና ድምራቸው በእጅህ ካሉ፣ አንዱ ቁጥር ቢጠፋ ከድምሩ ቀሪዎቹን ቀንሰህ ታገኘዋለህ። ሁለት ቁጥር ከጠፋ ግን ድምሩ አያድንህም። አንድ ዲስክ የሞተበት ሬይድ 5 የጠፋውን ቁጥር በእያንዳንዱ ንባብ እያሰላ ይሠራል፤ የተንቀራፈፈውም ለዚህ ነው።

የፊት ለፊቱ መብራት ብርቱካናማ ነበር። የሳጥኑን መዝገብ ስከፍተው በአራተኛው መሳቢያ ያለው ዲስክ ከስብስቡ የወጣው ኅዳር ላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲጫንበት፣ ሳጥኑ ያለ መጠባበቂያ ቆይቷል ማለት ነው።

«ሳጥኑ አልጮኸም?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ከመዝገባቸው ቀና አሉ። «ጮኾ ነበር እንጂ! ጆሮዬን ሊበጥሰው ነበር። ልጁ መጥቶ ኋላው ላይ ያለውን ቁልፍ ይጫኑ አለኝና ተጫንሁት፤ ዝም አለ።»

ልጁ የተባለው ዋናው ኤዲተር ነው። ድምፁን ያስጠፋው «አጥፍተው ሲያበሩት ያልፋል» ብሎ አስቦ ነው። የማስጠንቀቂያ ኢሜይሉስ? እርሱም በትክክል ተልኮ ነበር፤ የሚሄደው ግን ሳጥኑን ለተከለው ድርጅት አንድ ሠራተኛ አድራሻ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ሥራውን ከለቀቀ ቆይቷል። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ የሻይ ውኃ ማፍያ ተሰክቶበት ማግኘቴን እዚህ ላይ ጠቅሼ ልለፈው።

ሬይድን ለዓለም ያስተዋወቀው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ነው። ጸሐፊዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ናቸው። ዲስክ ሲበዛ ብልሽትም እንደሚበዛ ያውቁ ነበርና ስብስቡ ዳታ ሳያጠፋ የሚቆይበትን ዕድሜ ሲያሰሉ የመጠገኛውን ጊዜ አካፋይ አድርገው አስቀመጡት። ጥገናው በእጥፍ ሲዘገይ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ስሌታቸው አንዱ ዲስክ የሚሞተው ከሌላው ጋር ሳይያያዝ ነው ከሚል ግምት የተነሣ ነው። እዚህ ግን ስድስቱም ዲስኮች ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ የመለያ ቁጥራቸው የሚከታተል፣ በአንድ ቀን ሥራ የጀመሩ፣ አንድ ዓይነት ሙቀትና አንድ ዓይነት የመብራት መቆራረጥ ያዩ ናቸው። አንዱ ካረጀ ሌሎቹም አርጅተዋል።

ባለቤቱ መጥተው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ወንድሜ፣ ዲስኩን ዛሬውኑ ትቀይርልኛለህ?» የሚል ነበር። አይሆንም አልኋቸው። አዲስ ዲስክ ሲገባ ሳጥኑ ባዶውን ለመሙላት የቀሩትን አምስቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነባል። 20 ቴራባይት ንባብ ማለት ነው። ለተራ ዲስኮች አምራቾቹ ራሳቸው በወረቀት የሚሰጡት ዋስትና በ12.5 ቴራባይት ንባብ ከአንድ ያልበለጠ የማይነበብ ቦታ ነው። በተግባር ዲስኮች ከወረቀታቸው ይሻላሉ፤ ያረጀ ዲስክ ላይ ግን የሙሽሮችን ቀን ለዚህ ተስፋ አላስይዝም። መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ ጥገና።

ችግሩ የትኛውን መጀመሪያ እንደምንገለብጥ ነበር። ማኅደሮቹ «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ እውነተኛው» በሚሉ ስሞች የተሞሉ ናቸው። ኤዲተሩ ራሱ የትኛው ሠርግ ተጠናቆ እንደተሰጠ፣ የትኛው እንዳልተሰጠ በትክክል ሊነግረኝ አልቻለም። መፍትሔው የተገኘው ከማይጠበቅ ቦታ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ የቅድሚያ ክፍያና የቀሪ ክፍያ መዝገብ አላቸው። ቀሪውን ያልከፈለ ሰው ቪዲዮውን አልተረከበም። አጠገቤ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይኼ የጥር 13ቱ፣ ገና ግማሽ ነው የከፈሉት፤ ይኼኛው አልቋል፣ ተወው» እያሉ አንድ በአንድ ነገሩኝ። በቤቱ ውስጥ ከዚያ የተሻለ የፋይል ዝርዝር አልነበረም፤ በዚያው ቅደም ተከተል ወደ ውጫዊ ዲስኮች መገልበጥ ጀመርን። ኤዲተሮቹም ሥራ እንዲያቆሙ ተደረገ፤ ባለቤቱ ይህን የተቀበሉት በብዙ ማጉረምረም ነው።

ከተገለበጡት መካከል አንድ ፋይል ላይ ቅጂው ተንጠልጥሎ ቀረ። የመልስ ቀረጻ ነበር። የዲስኮቹን የጤና መረጃ ሳወጣ ስድስተኛው መሳቢያ ውስጥ ያለው «ውሳኔ የሚጠብቁ» ተብለው የተመዘገቡ፣ ማንበብ ያቃተው ጥቂት ቦታዎች አሉት። ዲስክ 4 ተነሥቶ ወዲያው አዲስ ገብቶ ቢሆን ኖሮ መሙላቱ እዚህ ሲደርስ ይሰናከል ነበር። ስለዚህ የምንፈልገው አንድ ሳይሆን ሁለት ዲስክ ሆነ።

ዲስክ ፍለጋው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በቦሌና በመገናኛ ሱቆች «ያው 4 ቴራ ነው» የማይል ሻጭ የለም። ያው ግን አይደለም። ዳታ የሚጻፍባቸውን መስመሮች (ትራኮች) አንዱን በሌላው ላይ በከፊል ደርቦ የሚጽፍ ዓይነት ዲስክ አለ፤ ለቤት ሰነድ ማስቀመጫ ይበቃል፣ ለሬይድ መሙላት ግን በጣም ስለሚዘገይ ሳጥኑ እንደ ሞተ ቆጥሮ ሊያስወጣው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ታላላቅ አምራቾች ይህን ዓይነቱን ለገዢ ሳይናገሩ ይሸጡ እንደነበር ታውቆ ብዙ ጩኸት ተነሥቶ ነበር። ሌላም አለ፦ ለዴስክቶፕ የተሠራ ዲስክ ችግር ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ለረጅም ጊዜ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ለሬይድ የተሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ በ7 ሰከንድ ገደማ ተስፋ ቆርጦ ለሳጥኑ ያሳውቃል፣ ሳጥኑም ከፓሪቲው አስልቶ ይቀጥላል። «አዲስ» ተብሎ የተሰጠኝን አንዱን ዲስክ ሱቁ ውስጥ ሰክቼ የሠራበትን ሰዓት ባነብ ዓመታት አገልግሏል። ሻጩ ሳይከራከር ተቀበለኝ፤ የለመደበት ይመስላል።

ሁለት ተስማሚ ዲስክ አግኝቼ ስከፍል ስልኬ ጮኸ። ኤዲተሩ ነው።

«ጋሼ፣ ሁሉም ነገር ጠፋ!»

እስክመጣ ሥራ ላግዝ ብሎ የሞተውን ዲስክ ሊያወጣ ፈልጓል። ስክሪኑ ላይ የተበላሸው ዲስክ ቁጥር 3 ተብሎ ተጽፏል፤ እርሱም በሳጥኑ ላይ 3 የሚል የተጻፈበትን መሳቢያ ሳበ። የሶፍትዌሩ ቁጥር የሚጀምረው ከ0 ነው፣ የመሳቢያዎቹ ግን ከ1። ስለዚህ ደህናውን አወጣ። አሁን ሁለት ቁጥር ጎደለ፤ ስብስቡ ቆመ።

«ስክሪኑ ምን ይላል?»

«አዲስ ስብስብ ልፍጠር ወይ ይላል። እሺ ልበለው?»

«ምንም እንዳትነካ! ሳጥኑን በሥርዓቱ አጥፋውና ከክፍሉ ውጣ።»

ይህ ጥያቄ በእንደዚህ ያለ ሰዓት መቅረቡ ሁልጊዜ ያናድደኛል። የደነገጠ ሰው ፊት «እሺ» የሚል ቁልፍ ማቅረብ የሳጥን ሠሪዎች ትልቁ ጥፋት ነው እላለሁ። እሺ ቢል ኖሮ እያንዳንዱ ዲስክ ላይ የተጻፈው የስብስቡ ማንነት በአዲስ ተተክቶ ሥራዬ በብዙ እጥፍ ይከብድ ነበር።

ደርሼ ዲስኩን ወደ ቦታው መለስሁት። አብዛኞቹ ትንንሽ ሳጥኖች የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓተ ክወና ስለሆነ ሊኑክስ በየዲስኩ ላይ የሚጽፈውን፣ ስብስቡ በተለወጠ ቁጥር የሚጨምረውን የክስተት ቁጥር ማየት ይቻላል። አራቱ እኩል ቁጥር ይዘዋል። ከመሳቢያ 3 የወጣው በጥቂት ብቻ ወደ ኋላ ቀርቷል። የመሳቢያ 4ቱ ግን በብዙ ሺህ ርቆ ኅዳር ላይ ቆሟል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ስድስቱንም አስገድዶ ለማስነሣት ይሞክራል፣ የኅዳሩ አሮጌ ዳታ ከጥር ወሩ ጋር ይቀላቀልና የነበረው ሁሉ ይረክሳል። የሞተውን አውጥቼ ለብቻው አስቀመጥሁና አምስቱን ብቻ በትእዛዝ አስነሣሁ። መጀመሪያ ለንባብ ብቻ ከፍቼ የጥር ሠርጎች ሲከፈቱ አየሁ። ኤዲተሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ግባ እስክለው አልገባም።

የቀረው ትዕግሥት የሚጠይቅ እንጂ የሚያስፈራ አልነበረም። ደካማውን ስድስተኛ ዲስክ ዲዲሬስኪው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ አንደኛው አዲስ ዲስክ ገለበጥሁ፤ ፕሮግራሙ ቀላሉን ቦታ ቀድሞ ያነሣል፣ አስቸጋሪውን በኋላ ይመለስበታል፣ የደረሰበትንም በካርታ ይይዛል። ቅጂውን በደካማው ቦታ ተክቼ ሁለተኛውን አዲስ ዲስክ አራተኛው መሳቢያ ውስጥ አስገባሁ። 4 ቴራባይት በሰከንድ በ150 ሜጋባይት ቢሞላ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ሳጥኑን ሌላ ሰው ካልነካው። ማታ ጀምሮ አደረ። የጠፋው ከዚያ የመልስ ቀረጻ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ሁለተኛው ካሜራ ያንኑ ቅጽበት ከሌላ አቅጣጫ ይዞት ስለነበር ኤዲተሩ በዚያ ተካው።

ጾሙ ሲገባ ሥራው ረገብ አለና ሁሉንም ወደ ውጭ ገልብጠን ሳጥኑን በሬይድ 6 እንደ አዲስ ሠራነው። ሁለት ዲስክ ቢሞት እንኳ መሥራቱን አያቆምም፤ ለሥራ የሚተርፈው ግን 16 ቴራባይት ነው። «አራት ቴራዬን ልትወስድብኝ ነው?» አሉ ባለቤቱ። በየመሳቢያው ፊት የዲስኩ መለያ ቁጥር የመጨረሻ አራት አኃዞች ተለጠፉ፤ የለጠፉት ሒሳብ ሠራተኛዋ ናቸው፣ ዝርዝሩንም መዝገባቸው ጀርባ ላይ ጻፉት። ማስጠንቀቂያው ወደ ሦስት ሰዎች ቴሌግራም እንዲሄድ ተደረገ። በወር አንድ እሑድ ሳጥኑ ዲስኮቹን በሙሉ አንብቦ ፓሪቲውን እንዲያመሳክር ታዘዘ፤ የማይነበብ ቦታ ካለ ሁሉም ዲስክ በሕይወት ሳለ ይገኛል። ያልተረከቡ ሠርጎች በየማታው ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገለበጣሉ፣ ያም ዲስክ ከባለቤቱ ጋር ቤት ያድራል። አንድ መለዋወጫ ዲስክ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ዩፒኤሱም ከውኃ ማፍያው ተገላገለ።

ግንቦት ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ እንደገና በደራበት ሳምንት፣ አንድ ዲስክ ሞተ። መልእክቱ ለእኔም ደርሶኝ ነበር፤ ስደውል ግን ሒሳብ ሠራተኛዋ ቀድመውኛል። ኤዲተሩ መሳቢያ 2 ፊት ቆሞ አራቱን አኃዞች ጮክ ብሎ ያነባል፣ እርሳቸው ከመዝገባቸው «ልክ ነው፣ ሳበው» ይላሉ። መለዋወጫው ገባ፣ ኤዲተሮቹም ሥራቸውን አላቆሙም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ደወሉ። «ወንድሜ፣ መለዋወጫው አለቀ። ሌላ አሁን ይገዛ ወይስ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ይቆይ?» ከዚያች ከመጀመሪያዋ ካርቶን ገና ሦስት ዲስኮች ሳጥኑ ውስጥ እንዳሉ ነገርኋቸው። ትንሽ ዝም አሉና ኤዲተሩን ጠርተው መገናኛ ላኩት፤ ሱቅ ውስጥ የሠራበትን ሰዓት ሳያነብ እንዳይከፍልም ራሳቸው አስጠነቀቁት።