ቢጫው ባልዲ

ሜሪላንድ ውስጥ ዕቃ በብር የሚለበጥበት አንድ አነስተኛ ወርክሾፕ እሠራ ነበር። ትራምፔት ይመጣል፤ የቤተ ክርስቲያን ጽዋ ይመጣል፤ የኤሌክትሪክ ማገናኛ መዳብ ይመጣል። ለብጠን እንመልሳለን።

ብሩን በኤሌክትሪክ የምንለብጥበት ገንዳ ውስጥ የምንጨምረው በጨው መልክ ነው። ፖታሲየም ሲልቨር ሳያናይድ ይባላል። ነጭ ነው፤ ለዓይን ከገበታ ጨው አይለይም። ከክብደቱ 54 በመቶ ያህሉ ብር ነው። ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል።

ለምን ሳያናይድ፣ ያ መርዝ? እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። መዳብ ሌላ የብር ጨው ውስጥ ቢነከር፣ ብሩ ያለ ኤሌክትሪክም ተንጋግቶ ይለጠፍበታል። ኋላ ግን ይላጣል። ሳያናይድ ብሩን ግራና ቀኝ አጥብቆ ስለሚይዘው በቀስታ ነው የሚለቀው። ልባጡ ደቃቅና እኩል ይሆናል። እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ ኤልኪንግተን የሚባሉ ዘመዳሞች በ1840 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጡበት ዘዴ ነው። ዘንድሮም ከዚያ ብዙ አልራቅንም።

ዕቃው ብር ውስጥ ከመግባቱ በፊት አሲድ ይነካዋል፤ ዝገቱ እንዲለቅ። ስለዚህ አሲዱ በአንድ ወገን፣ ብሩ በሌላ ወገን ነው። የፍሳሽ ቦያቸውም የተለያየ ነው። ይህን ማንም በአፉ አልነገረኝም። ስገባ ወረቀት አስፈረሙኝ፤ በቃ።

አንድ አርብ ማታ የአሲዱ ቦይ ተደፍኖ አገኘሁት። ያገለገለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበትን ቢጫ ባልዲ አንስቼ ወደ ብሩ ቦይ ሄድኩ። ውስጡ የብር ማጠቢያ ውሃ ተኝቷል። ለኔ ውሃ ነው። ባልዲውን ዘንበል ላደርግ ስል ክንዴን አንድ እጅ ጨመደደው።

«አንቺ ልጅ! ቁሚ!»

ጋሼ ናቸው። የሥራ ባልደረባዬ፣ የአገሬ ሰው። ሲጮሁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ባልዲውን ቀስ ብለው ተቀብለው ወደ ቦታው መለሱት። ከዚያ ውጭ አወጡኝ።

«ያ ውሃ አሲድ ሲነካው ሳያናይዱ ጋዝ ሆኖ ይወጣል» አሉኝ። «በ26 ዲግሪ የሚፈላ ነገር ነው። የዛሬው ሙቀት ስንት ነው?»

«ሽታው አያስጠነቅቅም?»

«መራራ ለውዝ ይሸታል ይላሉ። የማይሸተው ሰው አለ። እኔ አንዱ ነኝ።»

ጋዙ የሚገድለው አየር በማሳጣት አይደለም። ደም ኦክስጅን ይዞ ይዞራል፤ ሰውነት ግን ሊጠቀምበት አይችልም። ይህን ሳነብ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጋሼም እኮ አጠገቤ ነበሩ።

ሰኞ ለአለቃዬ ራሴ ነገርኩት። መባረሬን እየጠበቅሁ ነበር። ቦዩ ከተደፈነ ሁለት ቀን እንደሆነው፣ ሦስት ሰው አይቶ ዝም እንዳለ ያኔ ወጣ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሳያናይድ መርዝ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ዱቄቱ ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ቦዩን ግን ማንም ከመርዝ አልቆጠረውም።

በሁለቱ ወገን መካከል እስከ ጉልበት የሚደርስ ግንብ ተሠራ። ባልዲው በሰንሰለት ታሰረ። ጋዝ ሲሸተው የሚጮህ መሣሪያም ግድግዳው ላይ ተሰቀለ።

ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። እሁድ እሁድ ይደውሉልኛል። ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ስለ ቦዩ ነው።