ባና የሚያበስለው ባቄላ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያም ከፍ ባለችው የመንዝ ከተማ መሐል ሜዳ ላይ ይብስበታል። ባቄላው አልበስል ሲል እንጨት የሚጨምር ሰው ውሃውን በኃይል ያንተከትከዋል እንጂ ሙቀቱን ከዚያ አያሳልፈውም። የሚጨምረው እንጨት ውሃውን በእንፋሎት ለማባረር ብቻ ይነዳል። ለእህሉ የሚበጀው ረጅም ሰዓት ሙቅ ሆኖ መቆየት ነው፤ ለዚህ ደግሞ እሳት የግድ አይደለም። የፈላውን ድስት በጭድ ቅርጫትና በመንዝ ባና፣ በወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሸፍኖ ሙቀቱን ማቆየት ይበቃዋል።

ድስቱን ከነክዳኑ የሚውጥ ቅርጫት ወይም ጠንካራ ካርቶን ይፈለግ። ከሥርም ከጎንም ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር፣ ማለትም ከአንድ ጋት ትንሽ የሚበልጥ፣ የጤፍ ወይም የገብስ ጭድ ጠቅጥቆ መሙላት፤ መሐሉ ላይ ድስቱ በልኩ የሚገባበት ጎድጓዳ መተው። ለላዩ በጆንያ ጭድ ሞልቶ ትራስ መስፋት ነው። ያረጀ ባና ያለው ድስቱን ይጠቅልልበት፤ ሱፍ አየር ስለሚይዝ ከጭድም ይሻላል።

ባቄላ ወይም ሽንብራ ማታ ተዘፍዝፎ ይደር፤ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይበቃዋል። ጠዋት ውሃውን ደፍቶ በአዲስ ውሃ መጣድ። እንፋሎት ስለማይወጣ ውሃው ከተለመደው ያነሰ ይሁን፣ ከእህሉ ሁለት ጣት ከፍ ቢል በቂ ነው። ክዳኑ እንደተገጠመ 20 ደቂቃ ሙሉ ይፍላ፤ ደጋ ላይ ይህን ማሳጠር ነው ሥራውን የሚያበላሸው። ከዚያ ድስቱን አውርዶ ቂጡ ላይ ፍም እንዳልተጣበቀ በደንብ ማየት (ጭድ እሳት አይምርም!)፣ ጠቅልሎ መክተት፣ ትራሱን መጫን። ክክ ምስር ከ10 ደቂቃ ፍላት በኋላ ቅርጫቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል፤ የተዘፈዘፈ ባቄላ ሦስት አራት ሰዓት ይፈልጋል። ሲወጣ እንደገና አሥር ደቂቃ አፍልቶ መብላት ነው፤ ለብ ብሎ የዋለ ምግብ ሆድ ያበላሻል። ሥጋ በዚህ መንገድ ባይሞከር ይመረጣል።

ጥሬ ሆኖ ከወጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ድስቱ ግማሽ ብቻ ከተሞላ ቶሎ ይበርዳል፤ ሁለት ሦስተኛው ይሙላ። ጭዱ ርጥበት ከያዘ ሙቀቱን ያወጣዋል፣ በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። “ደርሶ ይሆን?” ብሎ ክዳን የሚከፍት ካለማ ነገሩ አበቃ፤ መልሶ መጣድ ነው። ቲማቲም ቀድሞ ከገባም እህሉ እንደ ጠጠር ይሆናል፤ ቲማቲም የሚገባው እህሉ ከበሰለ በኋላ ነው።

እንጀራው ሌላ ነው፤ ምጣድ ያለ እሳት አይሆንም። “ምርጥ” የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የሲሚንቶ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲተያይ የማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፣ ግን ክፍሎቹ የሚገጣጠሙበት ስንጥቅ በጭቃ ካልተመረገ ያ ሁሉ በነፋስ ይሄዳል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ይጋግር፤ የመጀመሪያው ማሟሟቅ ራሱ ብዙ መብራት ይበላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ማብሪያውን አጥፍቶ በቀረው ሙቀት ማውጣት ይቻላል።

ማገዶው ሲቀንስ ኩበትም ይተርፋል። እበት ተጠፍጥፎ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ አመዱ ለጓሮ ቢጠቅምም እሱን አይተካም። እበቱን ከጭድና ከጓሮ ቅጠል ጋር በየተራ መከመር፣ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ እርጥብ ማድረግ፣ በየሦስት ሳምንቱ ማገላበጥ። በብርዱ ምክንያት ስለሚዘገይ ከ4 ወር በፊት ነጭ ሽንኩርት መደብ ላይ ባይበተን ይሻላል። በበጋ ጉድጓድ ርጥበት ስለሚይዝለት ጥሩ ነው፤ ክረምት ላይ ግን ውሃ ያቁርና ይከረፋል፣ ያኔ ከመሬት በላይ ከምሮ በሣር መክደን ነው።