ይቅር ብዬዎታለሁ

ሦስት ቀን ሆነው። አሁንም ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ትዝ ሲለኝ ሳላስበው "ወይኔ!" እላለሁ። ሹፌሩ ያለፍነው መስሎት ፍሬን ይይዛል።

ነገሩ የመጣው እማዬ ከቁም ሳጥን ግርጌ ካወጣችው የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ የአክስቴ ሰርግ ኔጋቲቭ፣ ፎቶው የታጠበበት ፊልም፣ አለ፣ የ1984። ፎቶዎቹን "አንዴ ላሳያቸው" እያሉ ዘመዶች ወስደው ጨርሰዋቸዋል። ኔጋቲቩ ማንም ስላልፈለገው ተረፈ።

መጀመሪያ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ወደ አምፖሉ አንስቶ አየና "የማን ራጅ ነው?" አለኝ። ይኸው ልጅ ባለፈው ጉርድ ፎቶ ልነሳ ሄጄ ከጀርባዬ የኤፍል ማማ አቁሞልኛል። ጠይቄው አይደለም። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቆሞ፣ ለጅማ ሰው ፓሪስ! እሱን ሌላ ቀን።

ቤት ገብቼ የጫማ ካርቶን ቀደድኩ። ከታች የስልኬን ስክሪን ነጭ አድርጌ አበራሁ፣ መሃል ላይ ነጭ ፌስታል ወጠርኩ። ያለ ፌስታሉ የስክሪኑ ነጠብጣብ አብሮ ይነሳል። ከላይ በእህቴ ስልክ አንድ በአንድ አነሳሁና ቀለሙን በአፕ ገለበጥኩት። ሰርገኛው በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ለካ የከለር ፊልም ብርቱካናማ መደብ አለው፤ እሱ ካልተስተካከለ ሲገለበጥ ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል። እማዬ ደግሞ አጠገቤ ቡና ትቆላለች። ገለባው ፊልሙ ላይ ባረፈ ቁጥር ፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ይሆናል። ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ላይ በረዶ የጣለ ነው የሚመስለው።

ቁጥር 17 ላይ ስደርስ ግን ደነገጥኩ። ከክብሪት ቀፎ የምታንስ ፎቶ። አጎቴ ጋሼ ሙሽራዋን ያጎርሳሉ። በግራ እጃቸው!

እኔ ግራኝ ነኝ። ልጅ ሆኜ ግራ እጄ ወደ ትሪው በተጠጋ ቁጥር በማማሰያ ይሉኝ የነበሩት እኚሁ ጋሼ ናቸው። አጎላሁት። አውራ ጣታቸው አክስቴ ከንፈር ላይ ነው፤ ወጡ አንጓቸው ድረስ ወርዷል። ግራ። ፍርድ ቤት የማይጥለው ማስረጃ።

ቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። "ማማሰያው የት ነበር?" ብዬ ጻፍኩበት።

ግሩፑ ተናጋ። አክስቴ የአራት ደቂቃ ድምፅ ላከች፤ ባሏ ዕድሜ ልኩን ነገር የማይገባው በዚያ ጉርሻ ሰበብ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቀችው። አንዱ የአጎት ልጅ እጁን በቀይ አክብቦ መልሶ ለጠፈው። የሚገርመው የጋሼ መልስ ነው። "ያን ሰሞን ቀኝ እጄን በር ቆንጥጦኝ ነበር መሰለኝ" አሉ። ሰውየው ራሳቸው አመኑ!

እኔም ልቤ ራራ። "ግድ የለም ጋሼ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ" ብዬ ጻፍኩ። በጽሑፍ። ሃያ ሦስት ሰው ባለበት።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ የእህቴ ልጅ፣ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ በእናቷ ስልክ ድምፅ ላከች። "አጎቴ፣ ከጀርባቸው ያለው ጽሑፍ ለምንድን ነው ወደ ኋላ የሚሄደው?"

ከጀርባቸው መጋረጃ ላይ፣ በወረቀት ተቆርጦ፣ እያንዳንዱ ፊደል እንጀራ ምጣድ የሚያህል "መልካም ጋብቻ" አለ። ፊደሉ ሁሉ ዞሯል። ኔጋቲቩን ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ፤ የሚያብረቀርቀው ጎኑ ወደ ካሜራው መዞር ሲገባው ደብዛዛውን አዞርኩት። ዳሩ ላይ ያለው 17 ራሱ ተገልብጦ ነው ሁለት ቀን ሙሉ ያየሁት።

ፎቶውን አጠፋሁ። በቀይ የተከበበው ግን እስካሁን አለ።

ጋሼ ምንም አልጻፉም። እሁድ ምሳ ላይ ተገናኘን። ረስቼ ግራ እጄን ወደ ዳቦው ሰደድኩ። ጋሼ ቀና አሉ፤ እጄን አዩ፤ ፈገግ አሉ።

"ይሄንንስ ማን ገለበጠው?"